ሚያዝያ 27፦ የተዋጀች ዕለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በቤተ ክርስቲያን ስንክሳር ሲነበብ በጥሞና ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። መጽሐፉ ታሪክን የሚያስቀምጠው በዓመታት ቅደም ተከተል ሳይሆን በዕለታት ነው። በአንዲት ቀን ሥር በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን የተሰየፈ ሰማዕት፣ ከእርሱ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ የነበረ ነቢይ፣ ከሁለቱም በኋላ በኢትዮጵያ ገዳም ያረፈ ጻድቅ ጎን ለጎን ይነበባሉ። እነዚህ ቅዱሳን በሥጋ አልተያዩም፤ አገራቸውም ቋንቋቸውም ልዩ ልዩ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን በአንዲት ዕለት አገናኝታ በአንድ ጉባኤ ታሰማናለች። ይህ አባቶቻችን ያወረሱን ታሪክን የማንበብ ሥርዓት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ሥርዓት ይዘን አንዲት ቀን እንመለከታለን። ዕለቲቱ ሚያዝያ 27 ናት። ብዙዎቻችን የምናውቃት ትምህርትና ሥራ የማይኖርባት ቀን አድርገን ነው። ምን እንደ ተፈጸመባት ስንጠየቅ ግን «የድል በዓል ነው» ከማለት አልፈን ለመናገር እንቸገራለን። የአምስቱን ዓመት መከራ በዓይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬ በመካከላችን የቀሩት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። እነርሱ ካለፉ በኋላ ቀኗን የሚሸከማት ማን ነው? ይህን ጥያቄ ይዛችሁ አብራችሁን እንድትዘልቁ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በስንክሳርና በወር በዓል

አስቀድመን ቤተ ክርስቲያን በዚህች ዕለት የምታስበውን እንመልከት። ሚያዝያ 27 የኅርማኖስ ልጅ ቅዱስ ፊቅጦር በሰማዕትነት ያረፈበት ቀን ነው። ፊቅጦር የድሃ ልጅ አልነበረም። አባቱ በከሃዲው ንጉሥ በዲዮቅልጥያኖስ ቤተ መንግሥት ከታላላቅ ባለ ሥልጣናት አንዱ ነበር። ንጉሡ ለጣዖት እንዲሰገድ ባዘዘ ጊዜ አባት ሹመቱን ላለማጣት ታዘዘ፤ ልጁ ግን እናቱ ማርታ ባሳደገችው እምነት ጸና። አባቱን ስለ ክህደቱ በገሠጸው ጊዜም አባት ተቆጥቶ ለንጉሡ ከሰሰው። ፊቅጦር ከአንጾኪያ ወደ ግብፅ ተወሰደ፤ ብዙ ከተሠቃየ በኋላም አንገቱን ተሰየፈ። የሚያዝያ 27 የመጀመሪያ ትምህርቷ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሥልጣን ያለው ሁሉ በተንበረከከበት ጊዜ እንኳ የማይንበረከክ ሰው ይገኛል።

ሁለተኛው ደግሞ ወር በገባ በ27 የምናስበው የመድኃኔ ዓለም በዓል ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ጌታችን የተሰቀለበት ጥንተ ዕለት መጋቢት 27 ስለሆነ የየወሩ 27ኛ ቀን መታሰቢያው ሆኗል። መጋቢት 27 ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ስለሚውልም ዓመታዊ ክብሩ ጥቅምት 27 ቀን በድምቀት ይከበራል። ከስቅለቱ ሁለት ቀን በኋላ ያለው መጋቢት 29 ደግሞ ጥንተ ትንሣኤ ነው። አባቶቻችን በዚሁ በመጋቢት 29 ፍጥረት እንደ ተጀመረ፣ ቅዱስ ገብርኤልም እመቤታችንን እንዳበሠራት ያስተምራሉ። ዓለም መፈጠር የጀመረበት ቀን ዓለም የታደሰበት ቀን ሆነ ማለት ነው። ቀኖች ሲገጣጠሙ አባቶቻችን የሚፈልጉት ዕድልና ገድ አይደለም፤ እግዚአብሔር የተበላሸውን እንዴት እንደሚያድስ ይመለከታሉ። ይህን አስተሳሰብ ይዘን ወደ አገራችን ታሪክ እንሂድ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.

በ1928 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል የዋለው ሚያዝያ 4 ቀን ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ መጋቢት 22 ቀን በማይጨው በተደረገው ውጊያ የኢትዮጵያ ሠራዊት ድል ሆኖ ነበር። የአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ የወረደበት ያ ሠራዊት ወደ ኋላ በሚያፈገፍግበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ላሊበላ ጎራ ብለው ጸሎት አድርሰዋል። ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላም ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ተጓዙ። መንግሥት የሌለባት ከተማ ለዘረፋና ለቃጠሎ ተጋለጠች። የውጭ አገር ሰዎች በየኤምባሲዎቻቸው ግቢ ተጠለሉ፤ ነዋሪው ሕዝብ ግን የሚጠለልበት አልነበረውም።

በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 27፣ ማርሻል ባዶልዮ ከደሴ በመኪና ያመጣውን ጦር እየመራ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ምሽት በሮም ደወል ተደወለ፤ ሙሶሊኒም ጦርነቱ በድል እንደ ተፈጸመ ለተሰበሰበው ሕዝብ አወጀ። ከአራት ቀን በኋላ የኢጣሊያ ንጉሥ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ተባለ። የፋሺስት መንግሥት ሚያዝያ 27ን በድል ቀንነት መዘገባት። በዓድዋ የደረሰበትን ሽንፈት አርባ ዓመት ቂም ይዞ የቆየ ኃይል የተበቀለባት ዕለት አድርጎ ቆጠራት።

እስቲ በዚያ ቀን በከተማዪቱ የነበረውን ምእመን አስቡት። ወሩ የበዓለ ሃምሳ ወር ነው፤ ጾምና ስግደት የለም፤ ሰው ሲገናኝ የትንሣኤን ሰላምታ የሚለዋወጥበት ጊዜ ነው። ዕለቱም የመድኃኔ ዓለም ነው። ታቦቱን ተሳልሞ ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ሰው የሚያየው ግን በአራዳ የሚያልፈውን የጠላት መኪናና የጢስ ደመና ነው። «በመድኃኔ ዓለም ቀን እንዴት ይህ ይሆናል?» ብሎ ያላዘነ ማን ነበር? ሐዋርያት በዕለተ ዓርብ የጠየቁትን ጥያቄ የሚመስል ጥያቄ ነው። ዕለተ ዓርብ ሲመሽ እሑድን የሚያይ ሰው አልነበረምና።

በመካከል ያሉት አምስት ዓመታት

ጠላት ሚያዝያ 27 ጦርነቱ አለቀ ቢልም አላለቀም። በየጫካውና በየበረሃው አርበኞች ተነሡ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተደብድበው ሰማዕት ሆኑ። ከእርሳቸው የተጠየቀው አርበኞችን እንዲያወግዙና ለጠላት እንዲገዙ ሕዝቡን እንዲመክሩ ነበር። እርሳቸው ግን እንደ ቅዱስ ፊቅጦር ሹመትንና ሕይወትን ትተው ሞትን መረጡ። የጎሬው ብፁዕ አቡነ ሚካኤልም በተመሳሳይ መንገድ ተገደሉ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ በአዲስ አበባ ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝብ ታረደ፣ ቤትም ከነሰዉ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። ሦስት ወር ቆይቶ ደግሞ ተራው የደብረ ሊባኖስ ሆነ። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም የሚከበርበት ስለሆነ መነኰሳቱም ተሳላሚው ምእመንም በገዳሙ ተሰብስቦ ነበር። ጠላት የበዓሉን ቀን ለማጥመጃ ተጠቀመበት። ግንቦት 13 ቀን መነኰሳቱና ምእመናኑ እየተጫኑ ወደ ገደል አፋፍ ተወስደው በመትረየስ ተጨፈጨፉ፤ ዲያቆናቱም ጥቂት ቀናት ቆይተው ተገደሉ። የጠላት የራሱ ሪፖርት ከ400 በላይ ሰው መገደሉን ያምናል፤ በኋላ በቦታው የተደረገ ጥናት ደግሞ ቁጥሩን ከዚያ በብዙ እጥፍ ከፍ ያደርገዋል።

ልብ በሉ፤ ቀን ሊሰረቅም ይችላል። የበዓል ቀን የእልቂት ቀን እንዲሆን ሰው ሊያደርገው ይችላል። ደብረ ሊባኖስ ግን ከዚያ በኋላ ፍልሰተ ዐፅሙን ማክበር አላቆመም። የጻድቁንም የሰማዕታቱንም መታሰቢያ ይዞ ዛሬም አለ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.

ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው በሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ ቃና ዘገሊላ ነበር። ከዚያ በጎጃም አልፈው ደብረ ማርቆስ ደረሱ። በዚያው ሰሞን፣ መጋቢት 28 ቀን፣ ከደቡብና ከምሥራቅ የገሰገሰው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ከጠላት እጅ አስለቀቀ። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ከተማዪቱ መጋቢት 28 ነጻ ከወጣች ንጉሡ እስከ ሚያዝያ 27 ለምን ቆዩ?

አንዱ ምክንያት የእንግሊዝ አዛዦች ነበሩ። በከተማዪቱ ብዙ ሺህ የኢጣሊያ ሲቪሎች ስለ ነበሩ የንጉሡ መግባት በእነርሱ ላይ በቀል ያስነሣል ብለው ሠግተው ጉዞውን አዘግይተውታል። በመጨረሻም የመግቢያው ቀን ጠላት ከገባበት ቀን ጋር እንዲገጥም ሆነ። ንጉሡ በእንጦጦ በኩል መጡ፤ በእንጦጦ ማርያምም ጸሎት አደረሱ። በራስ አበበ አረጋይ የሚመሩት የሸዋ አርበኞች ጠጉራቸው ያደገ፣ ልብሳቸው ያለቀ ሆነው አምስት ዓመት ሙሉ ያልጣሉትን ጠመንጃ ይዘው ተቀበሏቸው። ሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ እንደ ገና የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ሆነች። ልክ አምስት ዓመት፤ አንድ ቀን አልጎደለም፣ አንድ ቀን አልተረፈም። ትንሣኤ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 12 ስለ ዋለ ይህም ቀን እንደ መጀመሪያው በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነበር። ዕለቱም ዳግመኛ የመድኃኔ ዓለም ነበር።

ከጦር ታሪክ አንጻር ካያችሁት በዚያ ቀን የተፈጸመ ታላቅ ውጊያ የለም። በአምባላጌ የመሸገው የጠላት ጦር እጁን የሰጠው በግንቦት ወር ነው፤ ጎንደር ደግሞ ነጻ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሚያዝያ 27 የጦርነቱ መጨረሻ አይደለችም። ታላቅነቷ ከሌላ ነገር ይመጣል፦ ጠላት በድል ቀንነት የመዘገባትን ዕለት ባለቤቶቿ መልሰው ወሰዷት። ከተማ ብቻ ነጻ አልወጣችም፤ ቀኒቱም ነጻ ወጣች።

ይሁን እንጂ በዚያ ዕለት የተፈጸመው ከሁሉ የሚበልጥ ነገር የቀኑ መግጠም አይመስለኝም። ንጉሡ በዚያ ቀን ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ እጁን በሰጠ ጠላት ላይ ግፍ እንዳይፈጽም አጥብቀው አዘዋል። ይህ የተነገረው ለማን እንደሆነ አስቡ። የካቲት 12 ቤቷ ከነልጆቿ ለተቃጠለባት እናት፣ ወንድሙ በደብረ ሊባኖስ ገደል ለቀረበት አርበኛ ነው የተነገረው። በዳዮቹም ሩቅ አልነበሩም፤ በዚያችው ከተማ፣ በአጠገባቸው ነበሩ። እንግሊዞች የፈሩት የጅምላ በቀል ግን በአዲስ አበባ አልደረሰም። ያ ሕዝብ ጠመንጃውን ለጦርነት ሲያነሣ ጀግና ነበር፤ ለበቀል ባለማንሣቱ ደግሞ ክርስቲያን መሆኑን አስመሰከረ። ሚያዝያ 27ን በእውነት የዋጃት ይህ ነው እላለሁ። ጠላት በ1928 በገባበት መንፈስ እኛም በ1933 ገብተን ቢሆን ኖሮ ቀኒቱ የበቀል ቀን እንደ ሆነች ትቀር ነበር፤ የሚለወጠው ተበቃዩ ብቻ በሆነ ነበር።

ቀኒቱ ራሷ ያከራከረችበት ዘመን

ወጣቶች ሆይ፣ የታሪክ ቀን አንድ ጊዜ ከተወሰነ ለዘለዓለም ጸንቶ የሚኖር እንዳይመስላችሁ። በደርግ ዘመን የድሉ በዓል ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ።

በሁለቱም ወገን የሚነገረውን ማዳመጥ ይገባል። መጋቢት 28ን የመረጡት ወገኖች ከተማዪቱ ከጠላት ነጻ የወጣችው በዚያ ቀን መሆኑን ይጠቅሳሉ፤ በዓሉ በንጉሥ መመለስ ላይ እንዲመሠረትም አይፈልጉም ነበር። በስደት የነበረውና በጫካ የቀረው እኩል ሊታይ አይገባም የሚል ቅሬታ ከአርበኞቹ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው፤ እንደ ሌለ አድርጎ ማለፍ እውነትን መደበቅ ይሆናል። ሚያዝያ 27ን የሚመርጡት ደግሞ በዚያች ዕለት አገሪቱ በራሷ መንግሥትና በራሷ ሰንደቅ ዓላማ መመለሷን፣ ጠላት የገባበት ቀንም የተሻረው በእርሷ መሆኑን ያስረዳሉ። ዛሬ በዓሉ የአርበኞች መታሰቢያ ተብሎ መጠራቱ ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ይመስላል። ዕለቲቱ የንጉሡም ናት፤ ስሙ ያልተጻፈለት ስንቅ ተሸካሚም ናት። ቁስለኛ ያከመችው እናትም፣ በዋሻ ውስጥ ታቦት ይዞ የቀደሰው ካህንም ድርሻ አላቸው።

በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ያለው አደባባይ ስሙ ሚያዝያ 27 አደባባይ ነው። በመካከሉ የድል ሐውልት ቆሞበታል። ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ስትሄዱ ደግሞ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ይቀበላችኋል። የእልቂቱ ቀንና የድሉ ቀን በአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ቆመዋል። በዩኒቨርሲቲው የምንማር ሁሉ በየዕለቱ በሁለቱ ቀኖች መካከል እንመላለሳለን። ስንቶቻችን ቀና ብለን እንዳየናቸው ግን እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።

በዚህች ዕለት የተወለደች እንግዳ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 27 የሚውለው ሜይ 5 ነው። በዚህ ቀን በ1882 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ሲልቪያ ፓንክረስት ተወለደች። ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል ብዙ ጊዜ የታሰረች ሴት ናት። በልደቷ ቀን፣ ሃምሳ አራት ዓመት በሞላት ጊዜ፣ ባዶልዮ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ሳምንት ሲልቪያ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ማሳተም ጀመረች፤ ጋዜጣው በጠላት ወረራ ዘመን ሁሉ ለኢትዮጵያ ሲከራከር ኖረ። የዓለም መንግሥታት አንድ በአንድ የኢጣሊያን ወረራ ተቀብለው ጉዳዩ ተፈጸመ ሲሉ እርሷ አልተፈጸመም ትል ነበር።

በ1948 ዓ.ም. ከልጇ ከሪቻርድ ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥታ ኖረች። ያረፈችውም መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ የመስቀል በዓል ነበር። በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጋር ተቀበረች፤ ወለተ ክርስቶስ የሚል ስምም ተሰጣት። ልደቷ ጠላት ከገባበትና ከወጣበት ቀን፣ ዕረፍቷ ከመስቀል በዓል ጋር የገጠመች ይህች ሴት የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ሆና አልተወለደችም። ሆኖም ግፍን አይታ ዝም ባለማለቷ የኢትዮጵያ ምድር እንደ ልጇ ተቀብላታለች።

ሌላም ልጨምር። በ1937 ዓ.ም. በዚህችው ዕለት፣ በሜይ 5፣ በኔዘርላንድ የነበረው የጀርመን ጦር እጁን የሰጠበት ስምምነት ተደረገ። የዚያ አገር ሰዎች እስከ ዛሬ በዋዜማው ሙታናቸውን በዝምታ ያስባሉ፤ በማግሥቱ ነጻነታቸውን ያከብራሉ። አስቀድመው ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ይደሰታሉ። ሕማማትን ሳያልፍ ትንሣኤን የማያከብር ሕዝብ ይህን ሥርዓት በቀላሉ ይረዳዋል።

ስለ አቆጣጠር ጥንቃቄ

ቀኖችን ማነጻጸር የምትወዱ ወጣቶች አንድ ነገር እንድታውቁ እፈልጋለሁ። የእኛና የአውሮፓውያን አቆጣጠር ሁልጊዜ በአንድ ልክ አይገጥሙም። አውሮፓውያኑ በ1900 ዓመታቸው አንዲት የካቲት 29 ስለ ዘለሉ ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፍቷል። ለምሳሌ የዓድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በዚያ ዓመት ቀኑ በአውሮፓውያን ማርች 1 ነበር። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። በዚሁ ምክንያት ሲልቪያ በተወለደችበት ዓመት ሜይ 5 በእኛ ሚያዝያ 28 ቀን 1874 ዓ.ም. ነበር፤ ሚያዝያ 27 አልነበረም። በማኅበራዊ መገናኛው «በዛሬዋ ቀን» እየተባለ የሚጻፈውን ሁሉ ከመቀበላችሁ በፊት ዓመቱንና አቆጣጠሩን መርምሩ።

ይህ ስሌት ለትምህርትም ይጠቅመናል። በአንዱ አቆጣጠር የገጠመ ቀን በሌላው የማይገጥም ከሆነ ቀን በራሱ ኃይል የለውም ማለት ነው። አንዳንድ ሰዎች ቀኖችን ዕድለኛና ገደ ቢስ ብለው ይከፍላሉ። ይህ ከክርስትና ውጭ ነው። ሚያዝያ 27 በተፈጥሮዋ ክፉ ብትሆን ኖሮ በ1933 ደስታ ባላመጣች ነበር፤ በተፈጥሮዋ መልካም ብትሆን ኖሮም በ1928 ኀዘን ባልዋለባት ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ምእመናን በጻፈው መልእክት ዘመኑ ክፉ በሆነ ጊዜ ምእመናን ከዘመኑ እንዲሸሹ አልመከረም፤ ዘመኑን እንዲዋጁት ነው ያዘዘው። መዋጀት ማለት በባርነት ያለውን ዋጋ ከፍሎ ነጻ ማውጣት ነው። ጌታችን በደሙ ዋጀን። አባቶቻችንም በደማቸው አንዲት ቀን ዋጁልን።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በመጀመሪያ ስማቸውን እንወቅ። በየአጥቢያችሁ በጠላት ዘመን የተገደሉ ካህናት፣ የተቃጠለ ቤተ መቅደስ፣ በዋሻ የተሸሸገ ታቦት ታሪክ ይኖራል። የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት አረጋውያኑን ቀርባችሁ ጠይቁ፤ የሰሙትን ከአባቶቻቸው እንደ ሰሙት ጻፉ። ያልተጻፈ ነገር ከአንድ ትውልድ በላይ አይቆይም።

ሁለተኛ እናስባቸው። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ጸሎተ ፍትሐት ታደርሳለች፣ ለድሆች ዝክር ታዘክራለች። በሚያዝያ 27 የመድኃኔ ዓለምን ቅዳሴ አስቀድሰን የሰማዕታቱን ስም ብናስጠራ፣ በቀኑም አንድ የተራበ ብናበላ ሐውልት ከማቆም የማያንስ መታሰቢያ ይሆናል።

ሦስተኛውና ከባዱ ይህ ነው፦ ቀኖችን የጥላቻ መሣሪያ አናድርጋቸው። በዘመናችን የታሪክ ቀን በመጣ ቁጥር ወንድም ወንድሙን የሚሰድብበት፣ የቆየ ቁስል የሚነካካበት ልማድ እየበዛ ነው። የ1933ቱ ሕዝብ ቤቱን ያቃጠለውን ባዕድ እንኳ እንዳይበቀል ተነግሮት ታዝዟል። እኛ በአንድ ጽዋ የምንቆርብ፣ በአንድ አፈር የምንቀበር ሰዎች ከዚያ ያነሰ ልናደርግ ነውን? በልባችን ቂም ይዘን የድል በዓል ብናከብር የአባቶቻችንን ድል ግማሽ ብቻ ይዘናል።

የሁላችንም የቀን መቁጠሪያ ባለበት ይኖራል፤ ሚያዝያ 27ም በየዓመቱ ትመጣለች። ባዶ ሆና እንድታልፍ ወይም የተዋጀች ሆና እንድትኖር የሚወስነው በእርሷ የቆመው ሰው ነው። እያንዳንዳችንም የራሳችን ክፉ ቀን አለን፤ የሚወዱት የተለየበት፣ ተስፋ የተቆረጠበት፣ ልናስታውሰው የማንፈልገው። አምላካችን መድኃኔ ዓለም ዕለተ ዓርብን ለእኛ የድኅነት ቀን ያደረገ ነውና ያንንም ቀን ሊዋጅልን ይችላል።

የሰማዕቱ የቅዱስ ፊቅጦር ጸሎትና በረከት፣ ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ አገራቸው ደማቸውን ያፈሰሱ አባቶቻችንና እናቶቻችን በረከት አይለየን። የቸሩ መድኃኔ ዓለም ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አገራችንንና ሕዝቧን ይጠብቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።